የእንግሊዝ ሁሊጋኖችን ታሪክ በጉራ ሳይሸወዱ እንዴት መጻፍ ይቻላል

ስለ እንግሊዝ ሁሊጋኖች፣ እግር ኳስን ተከትለው በቡድን ስለሚደባደቡት ደጋፊዎች፣ መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ለዩቲዩብ፣ ሌላው ለፖድካስት፣ ሌላው ለጽሑፍ። ወሬው ሞልቷል። ችግሩ ግን ወሬው በብዛት የሚመጣው ከሦስት ቦታ መሆኑ ነው፤ ከደብዳቢዎቹ ከራሳቸው፣ ከጋዜጣና ከፖሊስ። ሦስቱም ነገሩን ማግዘፍ ይጠቅማቸዋል። ደብዳቢው ስም ያገኝበታል፣ ጋዜጣው ይሸጥበታል፣ ፖሊሱ በጀትና ሥልጣን ይጠይቅበታል። የተደበደበው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ያገኛችሁትን እንደወረደ ከገለበጣችሁት የሌላ ሰው ፉከራ አድማቂ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

አሠራሩን በአንድ ቡድን ላይ ላሳያችሁ። የለንደኑን ክለብ የዌስትሃምን የሁሊጋን ቡድን፣ ኢንተርሲቲ ፈርምን፣ በአጭሩ አይሲኤፍን እንውሰድ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

አንድ ቡድን ብቻ ያዙ

"የሁሊጋኖች ታሪክ" ብላችሁ ከጀመራችሁ አትጨርሱትም። አንድ ክለብ፣ አንድ ቡድን፣ አሥራ አምስት ወይ ሃያ ዓመት ይበቃል። አይሲኤፍ ለዚህ ይመቻል፤ ብዙ ስለተወራበት የሚጣራው ነገርም ብዙ ነው።

መጀመሪያ የምትጠይቁት "ማንን ደበደቡ" የሚለውን አይሁን። እንዴት ይጓዙ ነበር ብላችሁ ጀምሩ። በ1970ዎቹ የእንግሊዝ ባቡር ድርጅት ከሜዳ ውጭ ለሚሄዱ ደጋፊዎች ልዩ ባቡር ያዘጋጅ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ፉርጎው ያረጀ ነው፣ ፖሊስ ደግሞ መውረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሰልፍ እየነዳ ስታዲየም ያስገባል። መደባደብ የፈለገ ሰው በዚህ ባቡር ሄዶ የትም አይደርስም። ስለዚህ የዌስትሃሞቹ ተራ መንገደኛ የሚሳፈርበትን የኢንተርሲቲ ባቡር መያዝ ጀመሩ፤ የቡድኑ ስምም ከዚያ መጣ። የሊድሶቹ ሰርቪስ ክሩም ስሙን ያገኘው ከመደበኛው ባቡር ነው። የፖርትስመዞቹ 6.57 ክሩ ደግሞ ጠዋት በነሱ ሰዓት 6፡57 ወደ ለንደን ከሚነሳው ባቡር። ሦስት ከተማ፣ አንድ ዘዴ። ይህን ስታዩ ቡድኖቹ እንደሚባለው በጭፍን የሚነጉዱ መንጋ እንዳልነበሩ፣ ፖሊስ አንድ እርምጃ ሲሄድ እነሱም አንድ እርምጃ ይቀይሩ እንደነበር ይገባችኋል።

አለባበሱም የዚሁ አካል ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የክለብ ስካርፍና ማሊያ ማድረግ ቀረ። በአውሮፓ ዋንጫ ጉዞ የሊቨርፑል ልጆች ያመጧቸው የስፖርት ልብሶች፣ እንደ ፊላ፣ ላኮስትና ሰርጂዮ ታኪኒ ያሉት፣ ፋሽን ሆኑ። ውድ ሹራብ የለበሰ ወጣት ለፖሊስ ሁሊጋን አይመስለውም ነበር። ካዡዋል የሚባለው ዘመን ይህ ነው። ስለ ልብስ ብቻ የሚያወራ ብዙ አለ፤ እናንተ ልብሱን ከፖሊሱ ጋር አያይዛችሁ ጻፉት።

የጨዋታ መርሃ ግብሩን ቀድማችሁ ዘርጉ

ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፣ ግን ግማሹን ውሸት የሚያጠፋው እሱ ነው። ትልቅ ወረቀት ወይም ኤክሴል ክፈቱ። በየሲዝኑ ክለቡ በየትኛው ዲቪዚዮን ነበር፣ ከማን ጋር መቼ ተጫወተ፣ በዋንጫ ማን ደረሰው። የድሮ ውጤቶች በነጻ ይገኛሉ። ከዚያ የሰማችሁትን ታሪክ ሁሉ እዚህ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጡት።

ዌስትሃም በ1978 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ሦስት ሲዝን እዚያ ቆይቶ በ1981 ተመለሰ። እንግዲህ አንድ ሰው "በ79 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በሊግ ስንጫወት" ብሎ ከጀመረ እዚያው ላይ አስቁሙት፤ ዩናይትድ ያኔ አንደኛ ዲቪዚዮን ነበር። ከሌላው የለንደን ክለብ ከሚልዎል ጋርም እንዲሁ ነው። የሁለቱ ጠላትነት የታወቀ ስለሆነ "በየዓመቱ እንገናኝ ነበር" የሚል ትረካ ትሰማላችሁ። ሁለቱ ክለቦች በ1978/79 በሁለተኛ ዲቪዚዮን ተገናኙ። በዚያው ሲዝን ሚልዎል ወረደ። ከዚያ በኋላ በሊግ የተገናኙት ሚልዎል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ባደገበት በ1988/89 ነው። በመሃል ያሉት ዓመታት፣ ያውም የአይሲኤፍ ስም በጣም የገነነባቸው ዓመታት፣ በሊግ ባዶ ናቸው። ይህ ማለት ድብድብ አልነበረም ማለት አይደለም። በባቡር ጣቢያ፣ በሌላ ክለብ ጨዋታ ቀን፣ በመሸታ ቤት ሊጋጠሙ ይችላሉ። ግን ተራኪው የትና መቼ እንደሆነ መናገር አለበት። መናገር ካቃተው ታሪኩን አታስገቡት።

ሠንጠረዡ ውሸት ከማጋለጥ በላይም ይሠራል፤ የነገሮችን ሰንሰለት ያሳያችኋል። ዌስትሃም በ1980 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሆኖ አርሰናልን 1ለ0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ወሰደ። በዚህ የተነሳ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ውስጥ ገባ። የደረሰው ካስቲያ ነው፣ የሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን። ካስቲያ ራሱ እዚያ የተገኘው በስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ በታላቅ ወንድሙ በሪያል ማድሪድ ስለተሸነፈ ነው። መስከረም 1980 ማድሪድ ላይ ዌስትሃም 3ለ1 ተሸነፈ፣ ደጋፊዎቹም ረበሹ። ዩኤፋ ቀጣ። የመልሱ ጨዋታ ኦክቶበር 1 ቀን በዌስትሃም የያኔ ሜዳ በአፕተን ፓርክ በዝግ ሜዳ ተደረገ። በይፋ የተመዘገበው የተገኘ ሰው ብዛት 262 ነው። ዌስትሃም በተጨማሪ ሰዓት 5ለ1 አሸነፈ፣ ዴቪድ ክሮስ ሦስት ጎል አገባ፤ እነዚያን ጎሎች ከደጋፊው ማንም ስታዲየም ገብቶ አላየም። ማድሪድ ላይ ስለነበረው ጀብዱ የሚያወራ ሰው ስታገኙ ስለዚህ ጨዋታም ጠይቁት። ማድሪድ ረግጦ የማያውቀው፣ ትኬት ቆጥቦ ሊገዛ ያሰበው ሰፈርተኛ ክለቡን በአውሮፓ መድረክ እንዳያይ የተደረገው በእነሱ ምክንያት ነው። እኔ ብሆን ምዕራፉን የምከፍተው በዚህ ምሽት ነበር።

ጋዜጣውን አንብቡ፣ ግን ከሥር ጀምሩ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። የዌስትሃምና የሚልዎል ጠብ ከየት መጣ ብላችሁ ብትፈልጉ በሰፊው የምታገኙት መልስ የ1926ቱ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ አንዱ ወገን አድማውን ሰበረ፣ ሌላው ቂም ያዘ ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ የወደብ ሠራተኛ አለበት፣ ክህደት አለበት። ግን የድሮ የአካባቢ ጋዜጦችን ስትገልጡ በ1906 በዌስተርን ሊግ ሁለቱ ሲጫወቱ ሜዳው ላይ ሻካራ ጨዋታ፣ ተመልካቹም መሃል ድብድብ እንደነበር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከአድማው ሃያ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሚልዎል ራሱ በ1910 ቴምዝ ወንዝን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ለንደን ሄዷል። ስለዚህ አድማው ቂሙን አባብሶት ከሆነ እንጂ ሊወልደው አይችልም።

የብሪታንያ የድሮ ጋዜጦች በብዛት ኢንተርኔት ላይ ተጭነዋል። ክፍያ አለው፤ ለአንድ ወር ብቻ ከፍላችሁ ቀድማችሁ ባዘጋጃችሁት የቀን ዝርዝር በፍጥነት መሥራት ትችላላችሁ። ፓርላማው ውስጥ የተባለው ሁሉ ደግሞ ሃንሳርድ በሚባለው መዝገብ በነጻ ይገኛል። የአንዱን ቀን ረብሻ ይዛችሁ በቀጣዮቹ ቀናት ሚኒስትሮቹ ምን እንዳሉ አንብቡ፤ ጋዜጣው ያለውና መንግሥት ያለው ምን ያህል እንደሚመሳሰል ታያላችሁ።

የአገር አቀፍ ጋዜጦቹን በጥንቃቄ ያዙ። በ1970ዎቹ አንዳንዶቹ የረብሸኛ ደጋፊዎችን ደረጃ እንደ ሊግ ሠንጠረዥ ያወጡ ነበር። አስቡት፣ ቡድኖቹ ያንን ቆርጠው ያስቀምጡት ነበር፣ ከላይ ለመውጣት የሚሞክርም ነበር። በ1985 ቴምዝ ቴሌቪዥን አይሲኤፍን የሚመለከት ዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ አባላቱ ካሜራ ፊት ቀርበው ተናገሩ። ከዚያ በፊት የማያውቃቸው ሰው ሁሉ አወቃቸው። የሚዲያው ሽፋን ከታሪኩ ውጭ የቆመ ምስክር አልነበረም፣ ራሱ ድርጊቱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በየዘገባው ቀን ላይ "ከዚህ በኋላ ምን ተለወጠ" የሚል ማስታወሻ ያዙ።

አይሲኤፍ የሚታወቅበትን ካርድም በዚሁ ዓይን እዩት። የቢዝነስ ካርድ የምታክል ወረቀት አሳትመው የደበደቡት ሰው ጋ ይተዋሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ፣ አሁን የተገናኘኸው ከአይሲኤፍ ጋር ነው የሚል ነገር ተጽፎባታል። ደጋግማችሁ ካሰባችሁበት ይህች ካርድ የጠላት መግደያ ሳትሆን ማስታወቂያ ናት። አንድ ሰው መሬት ወድቆ ደም ሲፈሰው የሚያስቡት ነገ ማን እንደሚያወራላቸው ነበር። ካርዷን በጽሑፋችሁ ብታስገቡ ይህን ሳትጽፉ አትለፉ፤ አለበለዚያ ከሞተች ብዙ ዓመት ለሆናት ማስታወቂያ እናንተ በነጻ ትሠራላችሁ።

ርዕሱንና ዝርዝሩን ማወዳደርም ልመዱ። ማርች 13 ቀን 1985 ሉተን ላይ የኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ነበር። ሉተን ሚልዎልን 1ለ0 አሸነፈ። ኬኒልወርዝ ሮድ ስታዲየም ተረበሸ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተነቅሎ ፖሊስ ላይ ተወረወረ፣ 81 ሰው ተጎዳ፤ ከነዚህ 31ዱ ፖሊሶች ናቸው። ነገሩ "የሚልዎል ረብሻ" ተብሎ ነው እስከዛሬ የሚጠራው። በማግስቱ ፍርድ ቤት ከቀረቡት 31 ሰዎች ብዙዎቹ ግን የሌላ ክለብ ደጋፊዎች ነበሩ፣ በተለይ የቼልሲና የዌስትሃም። ይህን ከርዕሱ አታገኙትም። ሉተን ከዚያ በኋላ ከ1986/87 ጀምሮ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ እንዳይገባ ከለከለ፣ ለአራት ሲዝን።

ፖሊስ ስላለ ብቻ እውነት አይደለም

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለው አባባል ለዚህ ክፍል የተፈጠረ ይመስላል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የለንደን ፖሊስ ማንነታቸውን የደበቁ መርማሪዎች ሁሊጋኖች መሃል አስገባ። ቼልሲዎቹ ላይ ያነጣጠረው ዘመቻ ኦውን ጎል ይባል ነበር። በማለዳ በር ሰብረው ገቡ፣ ጋዜጠኛ ተከትሏቸው ነበር፣ የተያዘው ቢላዋና ዱላ ለካሜራ ተደረደረ። የቼልሲ ሁሊጋን ቡድን የሄድሃንተርስ አባላት ናችሁ ተብለው የተከሰሱ ሰዎች በ1987 ተፈረደባቸው፤ አሥር ዓመት የተፈረደበትም አለ። በ1988 የአይሲኤፍ አባላት ናችሁ የተባሉት ስኔርስብሩክ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክሱ ፈረሰ፤ የመርማሪዎቹ ማስታወሻ የሚታመን ሆኖ አልተገኘም። በ1989 ደግሞ ከቼልሲዎቹ የተወሰኑት ይግባኝ ብለው በተመሳሳይ ምክንያት ፍርዳቸው ተሻረ።

ስለዚህ የ1987 ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ሰው ፍርደኛ ብሎ የሚጽፈው ሰው ዛሬ በሕግ ፊት ንጹሕ ነው። እያንዳንዱን የፍርድ ዜና ቢያንስ ሦስት ዓመት ወደፊት ሄዳችሁ ፈልጉት። ይግባኝ ተባለበት? ተሻረ? ይህን ለማድረግ ስንፍና በሚይዛቸው ሰዎች ምክንያት የተሻረ ክስ ዛሬም በየቪዲዮው እንደ እውነት ይነገራል። በሌላ በኩል ክሱ ፈረሰ ማለት ድብድቡ አልነበረም ማለት አይደለም። ሁለቱን አብራችሁ መያዝ አለባችሁ።

ከዚህ የሚብሰው ሂልስቦሮ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ላይ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨፈለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር 97 ደርሷል። ፖሊስ ጥፋቱን ሰካራም ደጋፊዎች ላይ ጣለ፣ ጋዜጣም አስተጋባ፣ ሕዝቡም አመነ። ለምን አመነ? ደጋፊ ማለት ሁሊጋን ነው የሚል ሥዕል ለሃያ ዓመት ተስሎ ስለነበር። በ2012 ገለልተኛው አጣሪ ቡድን የፖሊስ ሠራተኞች የሰጡት ቃል ደጋፊውን የሚወቅስ እንዲሆን መቀያየሩን አወጣ። በ2016 ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ሟቾቹ የተገደሉት ሕግን በጣሰ ጥፋት እንደሆነ፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰኑ። ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። ስለ ሁሊጋን የምንጽፍ ሰዎች ኃላፊነት ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉን ስናጋንን የምንጎዳው ቡጢ ያልሰነዘረውን ሰው ነው።

ሄይዝል ስታዲየም ላይ ግን መሸሽ የለም። ሜይ 29 ቀን 1985 ብራስልስ ላይ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ዩቬንቱሶቹ ሲሮጡ ሰው ተጨናንቆ ግድግዳ ተደረመሰ፣ 39 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ጣሊያኖች ናቸው። ስታዲየሙ ያረጀ መሆኑም እውነት ነው። የእንግሊዝ ክለቦች ለአምስት ዓመት ከአውሮፓ ታገዱ፣ ሊቨርፑል ለስድስት።

ከቀድሞ አባላት ጋር ስታወሩ

አሁን ሽማግሌዎች ናቸው። ብዙዎቹ ማውራት ይወዳሉ፣ መጽሐፍ የጻፉም አሉ። ከአይሲኤፍ እጅግ የሚታወቀው ካስ ፔናንት ጥቁር ነው፤ ይህ ብቻውን ሁሉም ሁሊጋን የዘረኛ ድርጅት አባል ነበር የሚለውን ቀላል ትረካ ያፈርሰዋል። በሌላ በኩል በ1970ዎቹ ናሽናል ፍሮንት የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በየስታዲየሙ ወጣት ይመለምል እንደነበር፣ ከቼልሲ ሄድሃንተርስም ከቀኝ አክራሪዎች ጋር የተሳሰሩ እንደነበሩ የታወቀ ነው። ክለብ በክለብ፣ ዓመት በዓመት ለዩት።

"ማን አሸነፈ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን ከጠየቃችሁ ለአርባ ዓመት የተለማመደውን ነው የሚደግምላችሁ። ስንት ሰዓት ተነሳችሁ፣ ትኬቱን ማን ገዛ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ሰኞ ሥራ ቦታ ፊትህ አብጦ ስትገባ አለቃህ ምን አለ፣ እናትህ ታውቅ ነበር ወይ፣ ከመሃላችሁ ሮጦ የሄደው ማነው። መልሱ ላይ ቀን ሲጠቅስ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሱ። ያንኑ ቀን ከሌላኛው ክለብ ሰው ጠይቁ። ሁለቱም "እኛ አሳደድናቸው" ካሉ፣ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው የሚሉት፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉና አንባቢው ይፍረድ።

ከዚያ ደግሞ ሌሎቹን ፈልጉ። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ በዚያ ዘመን ድንገተኛ ክፍል ትሠራ የነበረች ነርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን በጣውላ ይሸፍን የነበረ ባለሱቅ፣ አባቱ ከአሁን በኋላ አትሄድም ያለው ልጅ። እነዚህን ለማግኘት የሰፈር የፌስቡክ ግሩፖች ጥሩ ናቸው።

የምሁራኑን ክርክርም ትንሽ እዩት፣ ብዙ አትስመጡበት። ፒተር ማርሽ ኦክስፎርድ ላይ ደጋፊዎችን አጥንቶ አብዛኛው ነገር ሥርዓት ያለው ማስፈራራት ነው፣ ጉዳቱ ከሚታየው ያነሰ ነው አለ። ኤሪክ ደኒንግና የሌስተር ባልደረቦቹ ደግሞ የለም፣ ጉዳቱ እውነት ነው፣ ሥሩም ዝቅተኛው የሠራተኛ መደብ አኗኗር ውስጥ ነው ብለው ተከራከሩ። እኔን ካልጠየቃችሁኝም እላለሁ፣ የካርዷ ነገር ለማርሽ ያደላል፣ የተጎጂው ቁጥር ለሌስተሮቹ።

መጨረሻውን በአንድ ምክንያት አትዝጉት

"ታቸር አጠፋቻቸው" ወይም "ፕሪሚየር ሊጉ አጠፋቸው" የሚል አንድ መስመር ይቀላል። እውነቱ ግን ተደራርቦ የመጣ ነው። በ1985 በስታዲየም አልኮልን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። በዚያው ሰሞን በየስታዲየሙ ካሜራ ተተከለ። በ1986ቱ ሕግ ፍርድ ቤት ረብሸኛን ከስታዲየም የማገድ ሥልጣን አገኘ። ከሂልስቦሮ በኋላ በ1990 የወጣው የዳኛ ቴይለር ሪፖርት ትልልቅ ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ በወንበር እንዲሆኑ አደረገ። በ1991 ሜዳ መግባት፣ ዕቃ መወርወርና የዘረኝነት መዝሙር ወንጀል ሆኑ። ትኬት ተወደደ። ልጆቹም አረጁ፣ አገቡ፣ ወለዱ። በ2000 ከቤልጅየሙና ከሆላንዱ የአውሮፓ ዋንጫ ረብሻ በኋላ የእገዳ ሕጉ ጠነከረ፤ የታገደ ሰው ብሔራዊ ቡድኑ ውጭ ሲጫወት ፓስፖርቱን ማስረከብ መጣ።

ያም ሆኖ ኦገስት 2009 ዌስትሃምና ሚልዎል በሊግ ካፕ አፕተን ፓርክ ላይ ሲገናኙ ውጭው ጦር ሜዳ ሆነ፣ አንድ ሰው በስለት ተወጋ፣ ሜዳው ተወረረ። ዌስትሃም 115 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። "ጠፉ" ከማለት "ቀነሱ፣ ቦታም ቀየሩ" ማለት ይሻላል።

ከማውጣታችሁ በፊት

ስሞቹን አንድ በአንድ እለፉባቸው። በራሱ ፈቃድ በአደባባይ ያወራ ሰው ይጠራ። ያልተፈረደበትን ወይም ፍርዱ የተሻረለትን በስም አትጥሩ። በእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ የጻፋችሁት እውነት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ በእናንተ ላይ ነው፤ "ሰው ነግሮኝ ነው" ማለት አያድናችሁም። ሟቾችና ቁስለኞች ጋ ስትደርሱ ቤተሰብ እንደሚያነበው አስባችሁ ጻፉ፣ የደም ዝርዝር አያስፈልግም። ፎቶ ላይ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ፤ በየቦታው "አይሲኤፍ" እየተባለ የሚዞረው ፎቶ ብዙ ጊዜ የሌላ ክለብ፣ የሌላ ዓመት ደጋፊ ነው። የቆመበትን ስታዲየም ለዩ፣ የማሊያውን ስፖንሰር እዩ፣ በሜዳውና በተመልካቹ መሃል አጥር መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ካልተረጋገጠላችሁ ያለ ፎቶ አውጡት።